ፎም አውሮፕላናችሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ከማብረራችሁ በፊት፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

እዚህ አሜሪካ ኮሎራዶ፣ ዴንቨርና አውሮራ አካባቢ ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ላይ የማገኛቸው የሐበሻ ልጆችና አባቶቻቸው እየበዙ ነው። በጣም ደስ ይለኛል። አብዛኞቹ የሚይዙት ከፎም የተሠራ፣ በባትሪ የሚሠራ የሪሞት አውሮፕላን ነው። ብዙው ግን ገና ከመነሳቱ ይከሰከሳል። ልጁ ስብርባሪውን ለቅሞ ወደ መኪና ሲመለስ ማየት ያንገበግበኛል። ቤት ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ቢፈተሽ የሚቀር ጥፋት ነውና።

«ይንቀሳቀሳል» ብሎ ማለፍ

ከሁሉም የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው። ሪሞቱን ነካ ያደርጉና ክንፉና ጅራቱ ላይ ያሉት መቆጣጠሪያዎች ሲንቀሳቀሱ «በቃ ይሠራል» ብለው ይነሳሉ። መንቀሳቀሱማ ይንቀሳቀሳል! ወዴት ነው የሚንቀሳቀሰው? በተቃራኒ የሚዞር ሰርቮም (መቆጣጠሪያዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር) ያው ድምፅ ነው ያለው፤ ካልተመለከታችሁት አይታወቅም።

አውሮፕላኑን ጅራቱ ወደ እናንተ እንዲዞር አድርጋችሁ አስቀምጡት። እስቲኩን (የሪሞቱን ዘንግ) ወደ ቀኝ ስትገፉ የቀኙ ክንፍ አይለሮን፣ ማለትም ክንፉ ኋላ ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ መነሳት አለበት፤ የግራው መውረድ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይምታታበታል። «ወደ ቀኝ እንዲያዘነብል ከፈለግኩ የቀኙ ይውረድ እንጂ» ይላል። አይደለም። አይለሮኑ ሲነሳ የዚያ ክንፍ የመሸከም ኃይል ይቀንሳል፣ ስለዚህ ክንፉ ይወርዳል። እስቲኩን ወደ ራሳችሁ ስትስቡ ደግሞ ጅራቱ ላይ ያለው ኤሌቬተር ወደ ላይ መነሳት አለበት። ራደሩ፣ ማለትም ቀጥ ብሎ የቆመው ጅራት ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ እስቲኩ ወደ ሄደበት ይሄዳል።

ባለፈው ሰመር አንድ አባት ልጁን ይዞ መጥቶ አውሮፕላኑን ወረወረ። ትንሽ ወደ ግራ አዘነበለ። ለማቃናት እስቲኩን ወደ ቀኝ ገፋ፤ ይባስ ወደ ግራ ተኛ። የበለጠ ገፋ፤ ተገልብጦ መሬት ገባ። ሰውየው ያደረገው ሁሉ ትክክል ነበር። አይለሮኑ ግን ተገልብጦ ነበር የተቀናበረው። ሪሞቱ ላይ አንዲት ቅንብር ብትቀየር ያ ልጅ ጠዋቱን ሙሉ ያበር ነበር።

አውሮፕላናችሁ ራሱን የሚያቃና ጋይሮ ካለው ሌላ ፈተና አለ። ጋይሮውን አብርታችሁ አውሮፕላኑን በእጃችሁ ያዙና የቀኝ ክንፉን ዝቅ አድርጉት። የቀኙ አይለሮን ወደ ታች መሄድ አለበት፤ ክንፉን መልሶ ሊያነሳው ነዋ። አፍንጫውን ከፍ ስታደርጉ ኤሌቬተሩ መውረድ አለበት። ሪሞቱ በትክክል እየታዘዘ ጋይሮው የተገለበጠበት አውሮፕላን አይቻለሁ። ያን አየር ላይ የሚያድን እጅ የለም።

ይህን ሁሉ ስትሞክሩ ፕሮፔለሩን ፍቱት። እባካችሁ። ባትሪ የገባበት ሞተር በማንኛውም ሰዓት ሊነሳ ይችላል፣ ጣት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም።

ሚዛኑን አለመለካት

ማኑዋሉ የክብደት ማዕከሉ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ስንት ሚሊሜትር ላይ እንደሆነ ይነግራችኋል። ማኑዋሉ ከጠፋ፣ ቀጥ ያለ ክንፍ ላለው አውሮፕላን ከክንፉ ስፋት (ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ) ከ25 እስከ 30 በመቶው ላይ ጀምሩ። ክንፉ 20 ሴንቲሜትር ስፋት ካለው ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ማለት ነው። ምልክት አድርጋችሁ በሁለት ጣት ከታች አንሱት። ክንፉ ከታች የተገጠመ ከሆነ ገልብጣችሁ አንሱት። አፍንጫው ትንሽ ዘንበል ቢል ለጀማሪ ይሻላል።

ጅራቱ የሚከብድ አውሮፕላን ገና እንደተነሳ አፍንጫውን ይሰቅላል፣ ፍጥነቱን ያጣል፣ ክንፉ መሸከም ያቆማል። የምትለኩት ባትሪው በቦታው ገብቶ ነው። ያለ ባትሪ የለካ ሰው አልለካም። ባትሪውንም በቬልክሮ ማሰሪያ አጥብቃችሁ እሰሩት፤ በረራ ላይ ወደ ኋላ ከተንሸራተተ የለካችሁት ሁሉ ከንቱ ነው።

ያለንበትን ከፍታ መርሳት

ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠረፍ 15 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ በሞቃት ቀን ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ፕሮፔለሩ የሚገፋው አየር ያነሰ ነው፣ ክንፉም ለመሸከም የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ስለዚህ ፍሎሪዳ ያለ ሰው በቪዲዮ ሲያደርግ ያያችሁትን ለስላሳ አወራወር እዚህ አትሞክሩት። ሞተሩ በደንብ እየጎተተ፣ ፊታችሁን ወደ ነፋሱ አዙራችሁ፣ አግድም ጠንከር አድርጋችሁ ልቀቁት። ወደ ሰማይ አትወርውሩ። ስታሳርፉም ፍጥነት አትንፈጉት። አዲስ አበባ ወስዳችሁ ልታበሩ ያሰባችሁ፣ እዚያ ከፍታው 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆነ ነገሩ ይብስባችኋል። ከመሄዳችሁ በፊት ፈቃዱንም አጣሩ።

ሌሎቹን ባጭሩ

ፕሮፔለሩን ገልብጦ መግጠም፦ ጽሑፉ ያለበት ፊት አውሮፕላኑ ወደሚሄድበት መዞር አለበት። ተገልብጦም ይሽከረከራል፣ ግን ጉልበት የለውም።

ተራ ሱፐር ግሉ፦ ነጩን የእቃ ማሸጊያ ፎም ያቀልጠዋል። ኢፒኦ የሚባለው ፎም ይችለዋል። የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ቁራጭ ላይ ሞክሩ።

መኪና ውስጥ ትቶ መሄድ፦ በሰመር ፎሙ ይጣመማል፣ ባትሪውም ይጎዳል። ከኋላ ሆናችሁ ሁለቱን ክንፎች አስተያዩ። የተጣመመ ካለ በሙቅ ውሃ አለስልሶ ማቃናት ይቻላል።

ግማሽ ባትሪ ይዞ መምጣት፦ የሊፖ ባትሪ ሲሞላ እያንዳንዱ ሴል 4.2 ቮልት ነው፤ ባለ ሦስት ሴሉ 12.6። ለክቶ መምጣት ነው።

የሪሞቱን ርቀት አለመፈተሽ፦ ሪሞቱ የርቀት መሞከሪያ ካለው ማኑዋሉ የሚለውን ያህል ርቃችሁ ሁሉም እንደሚታዘዝ እዩ። ከዚያ አውሮፕላኑን ሰው ይዞላችሁ ሪሞቱን አጥፉት። ሞተሩ ካልቆመ የዚያን ቀን አታብሩ።

ምዝገባ፦ 250 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ኤፍኤኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን) ዘንድ ይመዘገባል። ለሦስት ዓመት 5 ዶላር ነው፣ ቁጥሩም ውጭው ላይ ይጻፋል። ትረስት የሚባለው አጭር ፈተና በነፃ ኢንተርኔት ላይ ይወሰዳል፤ እሱ ለመዝናኛ ለሚያበር ሰው ሁሉ ግዴታ ነው።

ከሰዓት በኋላ መምጣት፦ እዚህ በሰመር ከሰዓት ነፋሱና ነጎድጓዱ ይነሳል። ጠዋት በጊዜ ኑ። ልጆቹ ቢያንቀላፉም ቀስቅሷቸው፣ ሜዳው ላይ ሲደርሱ ይነቃሉ።