መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ኑሩበት

እኔና ባለቤቴ አዲስ አበባ ዳር፣ 175 ካሬ ሜትር ላይ፣ ባለ አንድ ፎቅ ቤታችንን የጀመርነው በ2009 ጥቅምት ላይ ነው። የገባነው በ2012 ነው። በመሃል አራት ግድግዳ አፍርሰናል። አንዱንም ያፈረስነው ግንበኛ አጥፍቶ አይደለም። ምን እንደምንፈልግ ሳንወስን ስላስገነባን ነው። ያ ሁሉ ብሎኬት፣ ሲሚንቶና የእጅ ዋጋ ዛሬም ይቆጨኛል። ቤት ልትጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ የኛን አራት ግድግዳ አትድገሙ።

ፕላን ከማሠራታችሁ በፊት አንድ ደብተር ግዙ። የአንድ ሳምንት ኑሯችሁን ጻፉበት። ማን ቀድሞ ይነሣል? ጠዋት ሻወር ላይ ስንት ሰው ይሻማል? እንጀራ በስንት ቀን ይጋገራል? ቡና የት ይፈላል? የታጠበ ልብስ የት ይሰጣል? ዘመድ ከክፍለ ሀገር ሲመጣ የት ያድራል? አርክቴክቱ እናንተን አያውቃችሁም። ካልነገራችሁት የሚስልላችሁ ቤት የማንም ቤት ነው።

እኛ ይህን አላደረግንም። የግድግዳው ሥራ ሊያልቅ ሲል እናቴ ከደብረ ማርቆስ መጣች። ከዘራዋን ይዛ ክፍሎቹን ዞረች። "ይሄ ሳሎኑ ነው፤ መኝታ ቤቶቹ ፎቅ ላይ ናቸው" አልኳት። ደረጃውን ቀና ብላ አየችው። "እኔስ የት ነኝ፣ ልጄ?" አለችኝ። ጉልበቷን እንደሚያማት አውቃለሁ። ስንት ዓመት አብሬያት ሐኪም ቤት ተመላልሻለሁ። ግን ፕላኑን ስናይ አንድም ቀን ትዝ አላለኝም።

የመጀመሪያው ግድግዳ በዚያ ሳምንት ፈረሰ። ከሳሎኑ ቆርጠን ምድር ላይ አንድ መኝታ ቤት አወጣን። መታጠቢያውንም አጠገቡ አደረግን። ፎቅ የምትሠሩ ከሆነ ምድር ላይ አንድ መኝታ ቤትና አንድ ሙሉ መታጠቢያ ከመጀመሪያው አስገቡ። የበሩ ስፋት 90 ሳንቲም ይሁን፤ ተሽከርካሪ ወንበር ያስገባል። መታጠቢያው መግቢያ ላይ ደፍ አታስቀምጡ። ዛሬ ለእናታችሁ ነው፣ ነገ ለራሳችሁ ነው።

ደረጃውንም ወረቀት ላይ ቁጠሩት። ከወለል እስከ ወለል 3 ሜትር ከሆነ፣ አንዱ እርከን ወደ 17 ሳንቲም እንዲሆን 18 እርከን ያስፈልጋል። ቦታ ጠበበ ብሎ 14 እርከን የሚያደርግላችሁ ሰው አንዱን ከ21 ሳንቲም በላይ እያደረገው ነው። ልጅ ይወጣዋል፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ግን አይችለውም።

ሁለተኛው ግድግዳ የምጣዱ ነው። ኩሽናችን ፈረንጅ አገር እንዳለው ክፍት ነበር፣ ከሳሎኑ ጋር የተያያዘ። ፎቶ ላይ ያምራል። ግን በርበሬ ሲቁላላ፣ ሽሮ ሲንተከተክ፣ እንጀራ ሲጋገር ጭሱና እንፋሎቱ ሁሉ ሶፋው ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ወደ ጓሮ የሚከፈት ትንሽ ማድ ቤት ለይተን ሠራን። ለምጣዱ ቦታ ስታስቡ ሦስት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ የመቆሚያው ከፍታ፤ ጋጋሪዋ ጎንበስ ሳትል እንድትሠራ እሷን አቁማችሁ ለኩ። ሁለተኛ፣ የእንፋሎት መውጫ፤ ከምጣዱ በላይ ትንሽ መስኮት ወይም የጭስ ማውጫ ይኑረው። ሦስተኛ፣ መብራቱ።

መብራቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እሳት የሚነሣው እዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ወደ 3,500 ዋት ይወስዳል። በ220 ቮልት ስታካፍሉት 16 አምፔር ገደማ ይመጣል። ይህ ለአንድ ተራ ሶኬት የመጨረሻው ጫፍ ነው። እዚያው መስመር ላይ ስቶቭ ወይም የውሃ ማሞቂያ ከተጨመረ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይግላል፤ እናንተም አታዩትም። ምጣዱ የራሱ ብሬከርና የራሱ መስመር ይኑረው። እኛ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ስኩዌር ሽቦ ነው ያስዘረጋነው። ስቶቩም፣ ማሞቂያውም እንዲሁ ለየብቻ። ቆጣሪ ስታመለክቱ ይህን ሁሉ ደምራችሁ ለኤሌክትሪሺያኑ ንገሩት።

ግቢውንም አትሙሉት። ቦታው ጠባብ ስለሆነ አንድ ተጨማሪ ሰርቪስ ክፍል እንድናስገባ ብዙ ሰው መክሮን ነበር። እምቢ አልን። 4 በ6 ሜትር ያህል ባዶ ተውን። ልጄ ክርስትና ስትነሣ ድንኳኑ የተተከለው እዚያ ነው። አባቴ ሲያርፍም ለቀስተኛ የተቀመጠው እዚያ ነው። ሰው ቤት የሚሠራው ለአዘቦት ቀን ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ መሬቱ ልውረድ። የአዲስ አበባ ምሥራቅና ደቡብ አካባቢ ብዙው ቦታ መረሬ ነው። ይህ ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በላዩ ያለውን ቤትም አብሮ ያነሣዋል፣ ያወርደዋል። ፕላን ከማሠራታችሁ በፊት ሁለት ሦስት ቦታ አስቆፍራችሁ መሐንዲሱ እንዲያየው አድርጉ። እኛ ጠንካራው አፈር ድረስ አስወርደን፣ መረሬውን አውጥተን ገረጋንቲ የሚባለውን ጠጠራማ አፈር ሞላን። ሲኖትራክ ሲመላለስ ገንዘቡ ዓይናችን እያየ አለቀ። ግን የቤታችን ግድግዳ እስከ ዛሬ አልተሰነጠቀም። ቁፋሮውን ዝናቡ ካበቃ በኋላ ጥቅምት ላይ ጀምሩ፤ ጉድጓድ ውሃ ከሞላው ሥራው ሁለት ይሆናል።

"አሁን ምድሩን ልሥራ፣ ፎቁን በኋላ እጨምራለሁ" የምትሉ ደግሞ፣ መሠረት ሳይቆፈር ይህን ለመሐንዲሱ ንገሩት። ለምድር ቤት የታሰበ መሠረት ፎቅ አይሸከምም። ለፎቁ ተብሎ ጣራ ላይ ብቅ ያለው የአርማታ ብረት፣ ፌሮውም፣ ዓመታት ዝናብ ላይ ከቆየ ይዝጋል። በደካማ አርማታ ሸፍኑት።

ስለ ፌሮ ካነሣሁ፣ ስታፋውን በዓይናችሁ እዩ። ኮለኑን (የአርማታ ምሰሶውን) ዙሪያውን የሚያስረው ቀጭኑ ፌሮ ነው። ጫፉ 135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። 90 ዲግሪ ብቻ ከታጠፈ በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ይከፈታል። የኛ መሐንዲስ በዚህ ምክንያት አንድ ቀን ሙሉ ሥራ አስቁሞ ነበር፤ እኔም ተናድጄበት ነበር። በ2017 ከፈንታሌ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ ሌሊት አልጋችንን ሲወዘውዘው ግን ያንን ሰው መረቅሁት።

ሦስተኛው ግድግዳ የፀሐይ ነው። አዲስ አበባ በጥቅምትና በጥር መካከል ሌሊቱ ይበርዳል። በእነዚያ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታጋድላለች። ስለዚህ በደቡብ በኩል መስኮት ያለው ክፍል ቀኑን ሙሉ ይሞቃል። እኛ የልጆቹን ክፍል ደቡብ ግድግዳ ድፍን አድርገነው ነበር። ታኅሣሥ ላይ ክፍሉ ፍሪጅ ሆነ። አፍርሰን መስኮት አወጣን። ቦታችሁ ላይ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ሄዳችሁ ቁሙ። ዋጋ የለውም፤ ትልቅ ነገር ያሳያል።

ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ታንከር ግድ ነው። ግን ከፍታውን አስቡ። 10 ሜትር ከፍታ አንድ ባር ግፊት ነው የሚሰጠው። ታንከሩ ከፎቁ ሻወር በላይ አንድ ሜትር ብቻ ከሆነ ውሃው ይንጠባጠባል፤ ወይ ከፍ ታደርጉታላችሁ፣ ወይ ፓምፕ ትጨምራላችሁ። ሙሉ ታንከር ከባድ ነው፤ 2,000 ሊትር ማለት 2 ቶን ነው። የት እንደሚቀመጥ ሶሌታው (የፎቁ ወለል ወይም የጣራው አርማታ) ከመሞላቱ በፊት መታወቅ አለበት። የጣራውንም ውሃ አትጣሉት። 100 ካሬ ጣራ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ ወደ 1,000 ሊትር ነው። ልብስ ያጥባል፣ ግቢ ያጸዳል።

አራተኛው ግድግዳ በአንድ ቱቦ ምክንያት ነው። የፎቁ መታጠቢያ ፍሳሽ የሚወርድበት ቀዳዳ ሳይተው ሶሌታው ተሞላ። መዶሻ ይዞ አርማታ መሰርሰር ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። መውረጃውን ለማዛወር ግድግዳው ፈረሰ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይሉ የለ። ከሙሌቱ አንድ ቀን በፊት ፕላኑን ይዛችሁ ከኤሌክትሪሺያኑና ከቧንቧ ሠራተኛው ጋር ሶሌታው ላይ ውጡ። እያንዳንዱን መብራት፣ እያንዳንዱን ቱቦ በጣት እየነካችሁ ቁጠሩ። የሽንት ቤቱ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ የት እንደሚወርድ እዩ። ያልተሟላ ነገር ካለ ሙሌቱ ይቆይ። ከተሞላ በኋላም ቢያንስ 7 ቀን ውሃ አጠጡት፤ ከሥሩ የቆመውን ድጋፍ ግን መሐንዲሱ ሳይፈቅድ አታስነሡ።

ገንዘቡን ለሁለት ክፈሉት። የኛ ግማሹ ያለቀው በፊኒሺንግ ነው። በር፣ መስኮት፣ ሴራሚክ፣ ኮርኒስ፣ ቀለም። እቁብ ባይደርሰን ኖሮ ክፍት መስኮት ላይ ላስቲክ ወጥረን ነበር የምንገባው። ለሠራተኛም በቀን ሳይሆን ባለቀ ሥራ ክፈሉ፤ ውሉንም በጽሑፍ አድርጉት።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ልስን ከመለሰኑ በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ ፎቶ አንሡ። ሜትር ግድግዳው ላይ ዘርግታችሁ፣ ቱቦውና ሽቦው ከጥጉ በስንት ሳንቲም እንደሚያልፍ እንዲታይ። ባለፈው ወር እናቴ ሽንት ቤቱ አጠገብ የምትይዘው ብረት ፈለገች። ፎቶውን ከፈትኩ። ውሃው ከጥጉ በ42 ሳንቲም ያልፋል። ሠራተኛው 60 ላይ በሳው።