ሳይነስ ሲነሳባችሁ ቤት ውስጥ የሚሠራውና የማይሠራው

እኛ ጋ ራስ ምታት ሁሉ ሳይነስ ነው ይባላል። ባህር ዛፍ ቅጠል ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት ምልክቱን ለዩት።

ጎንበስ ስትሉ ግንባርና ጉንጫችሁ ይከብዳል፣ አፍንጫችሁ ተደፍኗል፣ ንፍጡ ወፍሯል

ብዙውን ጊዜ መነሻው የጉንፋን ቫይረስ ነው። የአፍንጫ ውስጡ ያብጥና የሳይነሱን (በአፍንጫ ዙሪያ አጥንት ውስጥ ያለውን ባዶ ቦታ) ቀዳዳ ይዘጋል፣ ንፍጡም እዚያው ይታቆራል። የጉንጩ ሳይነስ ደግሞ እንደ እንስራ ነው፤ መውጫው ከላይ በኩል ስለሆነ እንደልብ አይፈስም።

እኔን የሚያሽለኝ የጨው ውሃ ነው። ውሃውን አፍሉ፤ አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ነውና መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ተከድኖ ለብ ሲል ሩብ ሊትሩ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ንጹህ ጨው ጨምሩ፣ ቤኪንግ ሶዳ ካለ ቆንጠር አድርጉበት። ከዚያ ገንዳው ላይ ጎንበስ ብላችሁ፣ ጭንቅላታችሁን ወደ ጎን አዘንብላችሁ፣ በአፋችሁ እየተነፈሳችሁ፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ከላይ በሆነው አፍንጫ ቀስ አድርጋችሁ ግፉት፤ በሌላኛው ይወጣል። መጀመሪያ ቀን ጨውን ረስቼው እንባዬ ዱብ ዱብ እስኪል አቃጠለኝ። ጨው ሲኖረው እምብዛም አያቃጥልም። በቀን አንዴ ሁለቴ ይበቃል። ያልፈላ የቧንቧ ውሃ ግን በፍጹም! እምብዛም ባይከሰትም በአፍንጫ ወደ አንጎል የሚገባ ገዳይ አሜባ አለ።

ታጥናችሁ ለጊዜው ቀለላችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ

እንፋሎቱ ያቀላል እንጂ ጀርም አይገድልም፤ የባህር ዛፉ ሽታም አፍንጫ የተከፈተ ያስመስላል። ደስ ካላችሁ ታጠኑ፣ ግን ጋቢ ተከናንቦ የፈላ ድስት ላይ መደፋት ስንቱን አቃጥሏል፤ ልጆችንማ አታስጠጉ። ሙቅ ሻወር ይሻላል። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ብሉ፣ አፍንጫችሁ ውስጥ ግን አትክተቱ። ንፍጥ ጎረፈ ማለት ሳይነሱ ጸዳ ማለት አይደለም፣ አፍንጫው ተቆጥቶ ነው።

የአፍንጫ ጠብታ ስትጨምሩ ይከፈታል፣ ሲያልቅ ይብስበታል

የሚከፍተውን ጠብታ ከ3 ቀን በላይ ስትጠቀሙ አፍንጫው ይለምደውና መልሶ ያብጣል። አቁሙትና በጨው ውሃው ቀጥሉ።

ያሳክካል፣ ያስነጥሳል፣ እንደ ውሃ የቀጠነ ይፈሳል

አለርጂ ሊሆን ይችላል። አቧራውን፣ የእጣኑንና የከሰሉን ጭስ ቀንሱ።

ራስ ምታቱ ይወጋል፣ ብርሃን ያስጠላል፣ ያቅለሸልሻል

ይሄ ማይግሬን ሊሆን ይችላል፤ ስንት ዓመት ሳይነስ ሲባል የኖረ ማይግሬን አለ። ሐኪም ይለየው።

በአንድ በኩል ብቻ ነው፣ ንፍጡም ይሸታል

የላይኛው መንጋጋ ጥርሳችሁን ታዩ። የተበላሸ ጥርስ ሥሩ ከሳይነሱ ጋር ጎረቤት ነው።

ንፍጡ አረንጓዴ ሆነ ብላችሁ አሞክሳሲሊን (የባክቴሪያ መድኃኒት) ልትገዙ ነው?

ቆዩ። ቀለሙ ብቻ ባክቴሪያ ነው አያሰኝም። ሐኪም ጋ የሚያስኬደው 10 ቀን አልፎ ካልተሻለ፣ ወይ ተሽሏችሁ እንደገና ከባሰ፣ ወይ ከ39 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ካለ ነው። ዓይን ዙሪያ ካበጠ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ አንገት ከደረቀ ወይም ሰውየው ከተቀባጠረ ግን ማሰሮውን ጥላችሁ በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።