የሟች አመድ በቤት ሲቀመጥ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካ ዛሬ ከሚሞቱት ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት አስከሬናቸው ይቃጠላል። ሞትንና መቃብርን ነጥለን ለማናውቅ ለእኛ ነገሩ እንግዳ ነው። ሆኖም የትዳር ጓደኛ ባሕል ሆኖ ወይም ሟቹ ራሱ ተናዞበት፣ የሚወዱትን ሰው አመድ ተረክበው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ኢትዮጵያውያን አሉ። ምን ማድረግ እንዳለባቸው የሚነግራቸው ሽማግሌ አያገኙም። የሚፈጸሙት ስህተቶች አብዛኞቹ ከችኮላ የሚመጡ ናቸው፤ የሚያስቸኩል ግን ምንም የለም።

ይበላሻል ብሎ መሥጋት። ከእሳቱ የሚቀረው የአጥንት ማዕድን ነው፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ተፈጭቶ ለቤተሰብ ይሰጣል። አይሸትም፣ አይበሰብስም፣ በሽታም አያስተላልፍም። ስለዚህ ቦታ እስኪመረጥ፣ ልጆች ከየሄዱበት እስኪሰበሰቡ፣ ሐዘኑም ጋብ እስኪል ለዓመታት ቢቀመጥ አይጎዳም። መጠንቀቅ የሚገባው ከእርጥበት ነው። እርጥበት አመዱን ያጠጥረዋል፤ ካርቶኑን ያልመሰምሳል፣ የእንጨት ሣጥን ያሳብጣል። ውኃ የሚገባበት ምድር ቤትና ከአሮጌ ዕቃ ጋር የሚከመርበት ጋራዥ የሚወዱት ሰው የሚቀመጥባቸው ቦታዎች አይደሉም። ቤት በሚቀየርበት ጊዜም ከሌላው ጓዝ ጋር አይጫን፤ በእጅ ይያዝ።

መለያውን አውጥቶ መጣል። አመዱ በሚሰጥበት ከረጢት ውስጥ ቁጥር የተቀረጸባት ትንሽ የብረት መለያ ትኖራለች። እሳቱ ዘረመልን ስለሚያጠፋ፣ በኋላ ይህ አመድ የማን እንደሆነ ላቦራቶሪም ለይቶ መናገር አይችልም ማለት ይቻላል። መለያዋ ከአመዱ አትለይ። የሟቹን ስም፣ የተወለደበትንና ያረፈበትን ቀን በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ፤ የማቃጠያውን ምስክር ወረቀትም ቅጂ አንሡለት።

በመልኩ ብቻ ዕቃ መግዛት። የአንድ አዋቂ ሰው አመድ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በአሜሪካ የተለመደው ማስቀመጫ 3.3 ሊትር ያህል ይይዛል። ከመክፈል በፊት ይህን ጠይቁ። ክዳኑንም ወዲያው በሙጫ አታሽጉት፤ ነገ ሌላ ልጅ ድርሻዬን ስጡኝ ሊል ይችላል። አመዱን ወደ ዕቃው ማዛወሩ የሚከብዳችሁ ከሆነ አስከሬኑን ያዘጋጀው ድርጅት እንዲያደርግላችሁ ጠይቁ። ራሳችሁ ከሆናችሁ መስኮት ዝጉ፣ ማራገቢያ አጥፉ፣ ከሥር ሰፊ ትሪ አድርጉ።

ለመታሰቢያ ዛፍ ሥር መድፋት። ሐሳቡ የተቀደሰ ነው፤ ነገር ግን አመዱ ጨውና አልካሊ ይበዛበታል። በአንድ ቦታ ከተከመረ ሥሩን ይጎዳል፣ የመታሰቢያው ዛፍም ሊደርቅ ይችላል። ጥቂት አመድ ከብዙ አፈር ጋር ተደባልቆ ቢሆን ይሻላል።

ሳይጠይቁ መበተን። በአሜሪካ ባሕር ላይ የሚበተን ከሆነ ከዳርቻው ቢያንስ 3 የባሕር ማይል፣ ማለትም 5.5 ኪሎ ሜትር ያህል መራቅ ያስፈልጋል፤ ከተበተነ በኋላ በ30 ቀን ውስጥም ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ ግዴታ ነው። የፕላስቲክ አበባ መጣል ክልክል ነው። በብሔራዊ ፓርኮች አስቀድሞ የፓርኩን ደንብ መጠየቅና ፈቃድ መያዝ ይገባል። ከሕጉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የተበተነ የማይሰበሰብ መሆኑ ነው። ጥቂቱን አስቀሩ። ሟቹ ካቶሊክ ከነበረ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኗ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማቃጠልን ብትፈቅድም፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣችው መመሪያ መበተንን እንደማትቀበል አስታውቃለች፤ ካህኑን አማክሩ።

በብረት ዕቃ ይዞ አውሮፕላን ማረፊያ መሄድ። ፈታሾቹ በኤክስሬይ ማየት ካልቻሉ ዕቃው አያልፍም፤ ቤተሰብ ቢለምናቸውም ለሟች ክብር ሲሉ አይከፍቱትም። ለጉዞ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ማስቀመጫ ይሻላል። የሞትና የማቃጠል ምስክር ወረቀቶች በእጃችሁ ይሁኑ፤ አየር መንገዱንና የምትሄዱበትን አገር ኤምባሲ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ከአገር ቤት ዘመድ መደበቅ። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። እናት አዲስ አበባ ተቀምጣ የልጇ አስከሬን በአውሮፕላን ይመጣል ብላ ትጠብቃለች፤ ድንኳን ተጥሏል፣ መቃብር ተዘጋጅቷል፤ እዚህ ያሉት ደግሞ «እንዴት ብለን እንነግራታለን?» እያሉ ቀን ይገፋሉ። በመጨረሻ ከአንድ የስልክ ፎቶግራፍ ታውቀዋለች፤ ሐዘኗም ሁለት ይሆናል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመን ሙታኑን ይቀብራል፤ እስልምናም ማቃጠልን ይከለክላል። ስለዚህ ነገሩ ለቤተሰቡ እንደ ሁለተኛ መርዶ ነው፤ እንደ መርዶም መነገር ይገባዋል። የምታከብረው ሰው ቤቷ ሄዶ፣ አጠገቧ ተቀምጦ፣ የሟቹ ፈቃድ እንደነበረ ይንገራት። አመዱን በመቃብር ማሳረፍ እንደሚቻልም ይጨምርላት። በአሜሪካ ብዙ የመቃብር ስፍራዎች አመድ ይቀበላሉ፤ ስም የተጻፈበት ድንጋይ ይቆማል፤ ቆማችሁ የምታለቅሱበት ቦታ ይኖራል። ለብዙ ቤተሰብ የሚበጀው ይህ ይመስለኛል።

ተረካቢውን አለመጻፍ። አመዱን የያዘው ሰው ሲሞት ለማን ይተላለፋል? ባልና ሚስት በአንድ ዕቃ እንዲሆኑ ተፈልጎ ከሆነስ፣ የተደባለቀ መልሶ እንደማይለይ ልጆቹ ሁሉ ያውቃሉ? ስምምነቱ በአንድ ገጽ ተጽፎ፣ ሁሉም ፈርመውበት፣ አንዱ ቅጂ ከምስክር ወረቀቶቹ ጋር ይቀመጥ፤ ሌላው ለታላቁ ልጅ ይሰጥ።