በዘመድ ዕዳ ለሚደወልባችሁ

አሜሪካ ለምትኖሩ። የወንድማችሁን ዕዳ የሚሰበስብ ድርጅት እናንተ ጋ እየደወለ መቆሚያ መቀመጫ ካሳጣችሁ፣ ችላችሁ ዝም አትበሉ። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው ኤፍዲሲፒኤ የሚባለው፣ የዕዳ ሰብሳቢዎችን አሠራር የሚቆጣጠረው የፌዴራል ሕግ ከጎናችሁ ነው። ዕዳ ሰብሳቢ ዘመድ ጋ መደወል የሚችለው የተበዳሪውን አድራሻ፣ ስልክና የሥራ ቦታ ለመጠየቅ ነው። ያውም በአብዛኛው አንዴ ብቻ። ዕዳ እንዳለበት ለእናንተ መንገሩ ራሱ ክልክል ነው።

ስልኩን ስታነሱ መጀመሪያ የድርጅቱን ስምና የፖስታ አድራሻ ጠይቃችሁ ጻፉ። ከዚያ "እሱ በዚህ ስልክ አይገኝም፤ ሁለተኛ እንዳትደውሉ" ብላችሁ ዝጉ። ይሉኝታ ይዟችሁ ወሬ አታርዝሙ። "እስኪ ትንሽ ክፈሉለት" ቢሏችሁ እሺ እንዳትሉ! አብራችሁ ካልፈረማችሁ የወንድማችሁ ዕዳ የእናንተ አይደለም። የሶሻል ሴኩሪቲና የባንክ ቁጥራችሁንም በፍጹም አትስጡ፤ ደዋዩ አጭበርባሪ ሊሆን ይችላል።

ካላቆሙ ያንኑ ቃል በደብዳቤ ጽፋችሁ በሰርቲፋይድ ሜይል (መላኩና መድረሱ በሚመዘገብበት ፖስታ) ላኩ፣ ቅጂውን አስቀሩ። የተደወለበትን ቀንና ሰዓት መዝግባችሁ ለኤፍቲሲ (ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽን) ወይም ለስቴታችሁ ዐቃቤ ሕግ አመልክቱ። መክሰስም ይቻላል፤ ጊዜው ግን አንድ ዓመት ብቻ ነው።

ለወንድማችሁም እንደተደወለ ንገሩት። አፍሮ ደብቆ ሊሆን ይችላልና ሳትቆጡ።