ማርሚታው ሲተኩስ መጀመሪያ አየሩን ፈልጉ

ኮምቦልቻ ውስጥ ሞተር ሳይክል መጠገን ከጀመርኩ 11 ዓመቴ ነው። ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት የሚወርድ ሁሉ በደጃፌ ስለሚያልፍ፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) የሚተኩስ ሞተር ሳይመጣልኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። አብዛኞቹ ቤንዚንና አየር የሚያደባልቅ ካርቡራተር ያላቸው ባጃጅ ቦክሰር ሞተሮች ናቸው። ባለቤቶቹም የሚሉት አንድ ነው፤ «ዳገቱን ደህና ይወጣል፤ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ስቀንስ ግን ጧ! ጧ! ይላል።»

ይህች አነጋገር ግማሹን ምርመራ ትጨርስልኛለች። ቤንዚን በደንብ እንዲነድ አንድ ግራሙ 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ መስጫውን ስትመልሱ ጎማው ሞተሩን እያሽከረከረ ይቀጥላል፤ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ድብልቅ ግን በጣም ጥቂት ነው። በዚያ ላይ ቤንዚኑ ካነሰና አየሩ ከበዛ፣ እሳት የሚሰጠው ካንዴላ ቢያበራም ድብልቁ አይያያዝም፤ ሳይነድ ወደ ማርሚታው ያልፋል። እዚያ ተጠራቅሞ ከጋለው ቱቦና ከአየር ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። የምትሰሙት ተኩስ እሱ ነው።

ነዳጅ ስትሰጡት ወደ ካርቡራተሩ በኩል የሚያስነጥስ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። እሱ ብዙ ጊዜ ከዋናው የነዳጅ መስመር ወይም ከቫልቭ ነውና ከዚህኛው ጋር አታምታቱት።

ሥራውን በጀመርኩበት ሰሞን አንድ መምህር ሞተራቸውን አመጡልኝ። የድብልቅ ማስተካከያዋን ብሎን ከፈት፣ አሁንም ከፈት አደረግሁላት፤ ተኩሱ ጠፋ። አመስግነውኝ ሄዱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው «አንተ ልጅ፣ ድምፁስ ጠፋ፤ ቤንዚኑ ግን ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያልቀው?» አሉኝ። ካንዴላውን ስፈታው ጥላሸት ለብሷል። ለካ ጥፋቱ ማርሚታው ከሞተሩ ራስ ጋር የሚገናኝበት ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ተበልቶ አየር ማስገባቱ ነበር። እኔ ቀዳዳውን ትቼ በእሳቸው ቤንዚን ደፈንኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ አየር የሚገባበትን ሳልፈልግ ካቻቢቴ አላነሳም።

ስለዚህ ከማርሚታው ጀምሩ። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ አስነሱትና የማርሚታውን ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ለሁለትና ሦስት ሰከንድ ያዝ አድርጉት። በመገጣጠሚያው በኩል «ፍስስ» የሚል ከሰማችሁ ተገኘ። ቱቦው ሳይግል የሳሙና ውሃ ብትቀቡት አረፋው ቦታውን ያሳያችኋል። ዙሪያውን ጥቁር የጥላሸት መስመር ካለም ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ጓርኒሲዮኑን አዲስ አድርጉ፤ አንዴ የተጨፈለቀውን መልሶ መግጠም ድካም ነው። ሁለቱን ዳዶዎች እያፈራረቃችሁ እኩል አጥብቁ።

ቀጥሎ ካርቡራተሩንና ሞተሩን የሚያገናኘው ጎማ ነው። ፀሐይና ሙቀት ያደርቀዋል፤ እጥፍ ስታደርጉት ብቻ የሚታይ ስንጥቅ ይኖረዋል። ሞተር ሳይክሉ ቆሞ ሞተሩ እየሠራ ውሃ በጥቂቱ ርጩበት። ድምፁ ከተለወጠ በዚያ በኩል አየር እየሳበ ነው። ይህን ሙከራ በቤንዚን የሚያደርጉ አሉ፤ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን መርጨት እጅን ማቃጠል ነውና እባካችሁ ተዉት። የአየር ፊልትሮውም ተቀዶ ወይም ክዳኑ በደንብ ሳይገጠም ቀርቶ እንደሆነ እግረ መንገዳችሁን እዩት። ወደ ማርሚታው ንጹህ አየር የሚልክ ቀጭን ቱቦና ቫልቭ ያለው ሞተር ከሆነ፣ ቫልቩ በጊዜው ካልተዘጋ እሱም ያስተኩሳል።

አየር የሚያስገባ ቦታ ከሌለ የቤንዚን ማነስ ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ሩቢኔቶውን (የታንከሩን ቤንዚን መዝጊያ) ዝጉ፤ ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን ፈትታችሁ የሚወጣውን ቤንዚን በብርጭቆ ተቀበሉና ጥቂት ጠብቁት። ውሃ ካለበት ከሥር ይቀመጣል፤ ብርጭቆውን ስታዘነብሉ እንደ ዶቃ ይንከባለላል። በሃይላንድ ከመንገድ ዳር የተገዛ ቤንዚን ይህን ብዙ ጊዜ አሳይቶኛል። ውሃ ካገኛችሁ ታንከሩንም አራግፉ፤ አለዚያ ነገም ያው ነው።

ከዚያ ካርቡራተሩን አውርዳችሁ የታችኛውን ሳህን ፍቱ። ሁለት የነሐስ ጂግለሮች (ቤንዚን የሚያልፍባቸው ባለቀዳዳ ብሎኖች) ታገኛላችሁ፤ የምንፈልገው ትንሹን ነው። ነዳጅ መስጫው ሲዘጋ ሞተሩን የሚመግበው እሱ ነው። ቀዳዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ወደ ብርሃን ይዛችሁ በአንድ ዓይን እዩት፤ ክብ ሆኖ ጥርት ያለ ነጥብ መታየት አለበት። ጨረቃ በደመና ስትሸፈን እንደምትሆነው ጎደል ካለ ተደፍኗል። በሽቦ አትውጉት፤ ነሐስ ለስላሳ ነው፣ ቀዳዳው ከሰፋ አይመለስም። በንጹህ ቤንዚን ዘፍዝፉትና ከጥርስ ብሩሽ በተነቀለች አንዲት ፀጉር አጽዱት፤ ከዚያ በኮምፕሬሰር አየር ይነፋ። ዓይናችሁን ግን ሸፍኑ።

ካርቡራተሩ ተመልሶ ከተገጠመ በኋላ ነው ወደ ድብልቅ ማስተካከያዋ ብሎን የምንሄደው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ብሎኗ ከካርቡራተሩ በሞተሩ በኩል ካለች የምትቆጣጠረው ቤንዚንን ነው፤ ስትከፈት ቤንዚን ይጨምራል። በአየር ፊልትሮው በኩል ካለች የምትቆጣጠረው አየርን ነው፤ ስትከፈት ቤንዚኑ ይቀንሳል። ይህን ሳይለይ የሚያዞር ሰው ተኩሱን ያባብሰዋል። መጀመሪያ በሁለት ጣት ኃይል ብቻ እስክትቆም እየቆጠራችሁ ዝጓትና ቁጥሩን ጻፉ። አታጥብቋት፤ ጫፏ መርፌ ነው፣ ውስጥ ከተሰበረ ካርቡራተሩ ሄደ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ነበረችበት መልሷት።

ሞተሩ 10 ደቂቃ ያህል ተነድቶ ይሙቅ። ውጭ ወይም በሩ በተከፈተ ቦታ ሁኑ፤ ጭሱ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። አሁን የቤንዚን ብሎኗን ሩብ ዙር ከፈት አድርጉና አዳምጡ፤ ሞተሩ አሥር ሰከንድ ያህል ጊዜ ይፈልጋል። ዙሩ እየጨመረ ከሄደ ሌላ ሩብ። መጨመሩን ሲያቆም እዚያ ቆማችሁ ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይሰጠው የሚዞርበትን ፍጥነት) ወደ ቦታው አውርዱት፤ ለእነዚህ ትንንሽ ሞተሮች በደቂቃ ከ1,300 እስከ 1,500 ዙር ይበቃል። በአብዛኛው ብሎኗ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ተኩል ዙር ተከፍታ ትቆማለች። ሦስት ዙር ከፍታችሁም ለውጥ ካላያችሁ አንድ ያልጸዳ ወይም ያልተደፈነ ነገር አልፋችኋል፤ ተመለሱ። በኮምፒውተር ቤንዚን የሚረጭ ኢንጄክሽን ሞተር ይህች ብሎን ስለሌለችው ይህን ክፍል ተዉት።

ሁለትና ሦስት ቀን ነድታችሁ ካንዴላውን ፍቱ። ነጣ ካለ ቤንዚኑ አሁንም አንሷል፤ ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ በዝቷል። የማኪያቶ ቀለም ካያችሁ ልክ ነው።

ተኩሱን ለመፈተን ሐረጎን የሚያህል ቦታ የለም። በሦስተኛ ማርሽ እየወረዳችሁ ነዳጁን መልሱ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አንድ ሁለቴ ቢንጣጣ አያስጨንቅም። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ ቤንዚን ለመቆጠብ ብላችሁ ቁልቁለት ላይ ቁልፉን አጥፍታችሁ አትውረዱ። ማርሹ እንደገባ ከሆነ ሞተሩ ያልነደደ ቤንዚን እየገፋ ማርሚታው ውስጥ ይሞላል፤ ታች ስትደርሱ ቁልፉን ስትከፍቱት በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ሆዱ የተቀደደ ማርሚታ በዚህ ምክንያት ተቀብዬ አውቃለሁ። ባለቤቱ ለቆጠባት ቤንዚን ስንት እጥፍ ከፈለ።

ከደሴ ተነስታችሁ በባቲ አድርጋችሁ ሚሌ የምትወርዱ ደግሞ ይህን ያዙ። ደሴ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሚሌ 500 ሜትር አካባቢ ነው። የደሴ የአየር ግፊት ከሚሌው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ደሴ ላይ ቤንዚን በዝቶበት ብሎኗ የተዘጋችለት ሞተር፣ አየሩ ጥቅጥቅ ወዳለበት ቆላ ሲወርድ ቤንዚን ያንሰዋልና መተኮስ ይጀምራል። አልተበላሸም፤ ሩብ ወይም ግማሽ ዙር መክፈት ይበቃዋል፤ ስትመለሱ ደግሞ ትዘጉታላችሁ። እኔ ለደንበኞቼ ከኮርቻው ሥር ፕላስተር ለጥፌ በእስክሪብቶ እጽፍላቸዋለሁ፤ «ደሴ 1 ከ3 ሩብ፣ ሚሌ 2 ከሩብ»።