አንቀጽን በሊንክ ስታስጠቅሱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወሎ ላደገ ሰው ጽሑፍን በቁጥር መጥቀስ አዲስ ነገር አይደለም። ቄሱ «ዮሐንስ 3፥16» ይላሉ፤ ሼሁ ሱራውንና አያውን ይጠራሉ። ሰሚውም መጽሐፉን ገልጦ እዚያው ይደርሳል። በ1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል 20 አንቀጾች አሉት፤ ሁሉም የሚያውቀው ግን 17ኛውን ነው። ጠቡ የተነሣው እሱ ላይ ነዋ።

ድረ ገጽ ላይ ስንመጣ ይህ ልማድ ይጠፋብናል። ስለ ወሎ ታሪክ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ሊንኩ በቴሌግራም ይላካል፤ «መሃል አካባቢ አለ፣ ፈልጉት» ይባላል። ደሴ ላይ በስልኩ የሚያነበው ተማሪ ገጹን ወደ ታች ሲጎትት ይቆያል። መፍትሔው ግን ከባድ አይደለም። ድረ ገጽ በሚጻፍበት ኮድ፣ በኤችቲኤምኤል፣ ለእያንዳንዱ አንቀጽ አይዲ የሚባል መለያ መስጠት ይቻላል። አድራሻው መጨረሻ ላይ # ተደርጎ መለያው ሲጻፍ ብሮውዘሩ ቀጥታ አንቀጹ ላይ ያደርሳል። ነገሩ የሚበላሸው አያያዙ ላይ ነው።

ተራ ቁጥርን መለያ ማድረግ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የመጀመሪያውን አንቀጽ 1፣ ቀጣዩን 2 እያሉ መሄድ ቀላል ይመስላል። ጽሑፉ ሲታረም ግን ጉዱ ይወጣል። ለምሳሌ 14ኛው አንቀጽ ስለ 1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ነው እንበል። አንድ ተማሪ በመመረቂያ ጽሑፉ ላይ ይጠቅሰዋል። ቆይቶ አዘጋጁ ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አንድ አንቀጽ ከላይ ይጨምራል። ቦሩ ሜዳ 15 ይሆናል፤ 14 ላይ ሌላ ወሬ ይቀመጣል።

ሊንኩ አሁንም ይከፈታል፤ የሚከፍተው ግን ያልተጠቀሰውን ነው። እኔ በበኩሌ ከዚህ የተሰበረ ሊንክ ይሻለኛል። የተሰበረው መሰበሩ ይታወቃል፤ አንባቢውም ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ይሄኛው ግን ተማሪውን ያለ ጥፋቱ «የሌለ ነገር ጠቀሰ» ያሰኘዋል።

አሜሪካዊው የኮምፒውተር ተመራማሪ ዳግላስ ኤንግልባርት ይህን የተረዳው ድር ከመፈጠሩ በፊት ነው። በሠራው ሲስተም አንድ አንቀጽ ሁለት ዓይነት ቁጥር ነበረው፤ አንዱ አንቀጹ ያለበትን ቦታ ይናገራል፣ ሌላው ቦታው ቢቀየርም አይለወጥም። ኋላ ላይ ጽሑፎች በዚህ ዓይነት ቁጥር ወደ ድረ ገጽ ሲወጡ ቁጥሮቹ ፈዘዝ ባለ ሐምራዊ ቀለም ስለሚታዩ «ሐምራዊ ቁጥሮች» ተባሉ።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ገጹ 51 አንቀጽ ካለው፣ መሃል የገባው አዲስ አንቀጽ 52 ይባል። ከ13 ቀጥሎ 52 መምጣቱ ለዓይን ላያምር ይችላል፤ ጠቃሹን ግን አያሳስትም።

የአማርኛ ርዕስን እንዳለ አይዲ ማድረግ

በአማርኛ የተጻፈ አይዲ ክልክል አይደለም። የአሁኑ ኤችቲኤምኤል የሚከለክለው ባዶ መሆኑን፣ መሃሉ ላይ ክፍተት መኖሩንና ያው አይዲ በአንድ ገጽ ሁለት ጊዜ መምጣቱን ነው። ችግሩ ሊንኩ ኮፒ ሲደረግ ነው። ዩአርኤል (የድረ ገጹ አድራሻ) ውስጥ አንድ የግዕዝ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ይቀየራል። «የውጫሌ-ውል-አንቀጽ-17» የሚለውን ውሰዱ፤ አሥሩ ፊደላት ብቻቸውን 90 ምልክት ይሆናሉ። ቴሌግራም ላይ የፐርሰንት ምልክት መዓት ሆኖ ይታያል። ወረቀት ላይ ከታተመማ ማን ይገለብጠዋል?

ከዚህ የባሰም አለ። ብዙ የብሎግ ሶፍትዌሮች አይዲውን የሚያወጡት ከርዕሱ ነው። አራሚው «ሀይቅ»ን ወደ «ሐይቅ» ሲያስተካክል አይዲውም አብሮ ሊቀየር ይችላል። ለአንባቢ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሌላ ሌላ ፊደል ናቸው። ስለዚህ መለያው አጭርና ከርዕሱ ጋር ያልተያያዘ ይሁን። አንድ የላቲን ፊደልና ቁጥር ይበቃል።

«ብሮውዘሩ ራሱ ያገኘዋል» ብሎ መተው

ክሮም ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአንድ ገጽ ላይ ወዳለ ዓረፍተ ነገር በቀጥታ የሚያደርስ ሊንክ ይከፍታል። ፋየርፎክስም በ2024 እንዲህ ያሉ ሊንኮችን መክፈት ጀምሯል። የሌላ ሰው ገጽ ስትጠቅሱ ግሩም መሣሪያ ነው፤ ተጠቀሙበት። ግን የሚፈልገው ቃሉን ራሱን ነው። «ቦሩሜዳ» ተብሎ ተገጥሞ የነበረው «ቦሩ ሜዳ» ተብሎ ከተለያየ አያገኘውም፤ ገጹ ከላይ ተከፍቶ ይቀራል። በራሳችሁ ገጽ ላይ አይዲ መስጠት እየቻላችሁ ይህን ብቻ ማመን አይገባም።

መለያውን ደብቆ መያዝ

አይዲው ኮዱ ውስጥ ብቻ ካለ ለአንባቢ እንደሌለ ነው። ከአንቀጹ ጎን ነካ ሲያደርጉት ሊንኩን የሚሰጥ ትንሽ # አስቀምጡ። ማውዝ ሲጠጋው ብቻ ብቅ የሚል አታድርጉት፤ አብዛኛው አንባቢያችን በስልክ ነው፣ ስልክ ደግሞ ማውዝ የለውም። ከላይ ተጣብቆ የሚቀር ሜኑ ካላችሁም የአንቀጹን የመጀመሪያ መስመሮች እንዳይሸፍን በሲኤስኤስ (የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ) ክፍተት ስጡት።

ሰነድን በፎቶ ብቻ መለጠፍ

የወሎ ብራናዎችና በዓጀሚ (የአገር ቋንቋ በዓረብኛ ፊደል ሲጻፍ) የተጻፉ መንዙማዎች ፎቶ መነሣታቸው ያስደስታል። ነገር ግን ፎቶ ውስጥ ላለ አንቀጽ አይዲ መስጠት አይቻልም። ፒዲኤፍም ቢሆን ብዙ ጊዜ ሊንክ የሚደረገው እስከ ገጽ ቁጥሩ ድረስ ነው። ከምስሉ ሥር ቃሉን ተይቡና ለእያንዳንዱ ክፍል መለያ ስጡ። አድካሚ ሥራ ነው፤ ግን ልፋቱን ይክሳል።

የተሰረዘውን አንቀጽ ከነመለያው ማጥፋት

አንቀጹ ስህተት ሆኖ ቢነሣ እንኳ መለያው ይቆይ። በቦታው «ይህ አንቀጽ ተነሥቷል» ብላችሁ ቀኑንና ምክንያቱን ጻፉ። ቁጥሩን ለሌላ አንቀጽ አትስጡ። አንቀጹ ለሁለት ከተከፈለ ዋናው ሐሳብ ያለበት ክፍል ነባሩን መለያ ይያዝ፣ ሌላው አዲስ ይውሰድ። ትልቅ እርማት ከማድረጋችሁ በፊት ደግሞ ገጹን የድረ ገጾችን ቅጂ በሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን ላይ አስቀምጡት። አይዲዎቹ ከገጹ ጋር አብረው ስለሚቀመጡ # ያለበት ሊንክ ቅጂው ላይም ይሠራል፤ ድሮ የጠቀሰው ሰውም ያነበበውን አንቀጽ እንዳነበበው ማሳየት ይችላል።