በወሎ ደጋ ፓርክ ሲከለል የሚፈጸሙ ስህተቶች

በደቡብ ወሎ ቀድሞ ደንቆሮ ጫካ ይባል የነበረው የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ፣ በሰሜን ወሎ ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ የሚወጣው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጥብቅ ሥፍራ አለ። አናታቸው ጓሳ፣ አስታና ጅብራ ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ከሥሩ የገብስ ማሳ ይጀምራል። የቀጠና ዕቅድ (የትኛው ቦታ ለምን አገልግሎት እንደሚውል የሚወስነው) ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው እነዚህ ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ነው።

ወሰኑን ቢሮ ተቀምጦ ማስመር። የድሮዎቹ 1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የመለኪያ መነሻ (የቦታ ቁጥሮች በሚቆጠሩበት መሠረት) ነው። የእጅ ጂፒኤስ ግን በአብዛኛው ደብልዩ ጂ ኤስ 84 በሚባል ሌላ መነሻ ተሞልቶ ይመጣል። የካርታው ቁጥር ሳይቀየር ጂፒኤስ ላይ ከገባ ነጥቡ 200 ሜትር ገደማ ይስታል። ገደል አፋፍ ላይ ይህ ብዙም አይጎዳም፤ ማሳ መካከል ሲሆን ግን የአንድን ቤተሰብ መሬት በሙሉ ፓርክ ውስጥ ያስገባል። ስለዚህ ከመጀመሪያው አንድ መነሻ ይመረጥ፤ የካርታው የዩቲኤም መጋጠሚያ ዞንም 37 ሰሜን ተብሎ ይጻፍ። ከወረዳው መሬት አስተዳደር የሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ደብተር ካርታ ወስዶ ማመሳከር የሚገባው ችካል ከመተከሉ በፊት ነው። ከዚያ ከአዋሳኝ ቀበሌዎች ሽማግሌዎች ጋር ወሰኑን በእግር መዞር ያስፈልጋል። መስመሩ በተቻለ መጠን ሸንተረርና ወንዝ ይከተል፤ አንዱ ችካል ጋ ቆሞ ቀጣዩ ይታይ። የነጥቦቹ ዝርዝር ከተፈረመው ቃለ ጉባኤ ጋር ይያያዝ።

ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ቀጠና ማድረግ። ትልቁ ስህተት ይህ ይመስለናል። ደጋው በበልግ፣ በክረምትና በበጋ የተለያየ አገልግሎት ይሰጣል፤ በበጋ መጨረሻ ታች ያለው ግጦሽ ሲያልቅ ከብቱ ወደ ላይ ይወጣል። ቀይ ቀበሮ የሚወልደው ደግሞ በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። የሚመገበው በዋናነት የጓሳውን አይጥ ስለሆነ፣ ከብት ረግጦ ያራቆተው ሜዳ ለቡችሎቹ ምግብ የለውም። ዕቅዱ የወር ሰንጠረዥ ይኑረው፦ የጎሬዎቹ አካባቢ በየትኛው ወር ይዘጋል፣ ጓሳ መቼ ይታጨዳል፣ የታጨደው ሜዳ ስንት ዓመት ያርፋል? በጎረቤት መንዝ የቄሮ ሥርዓት (ማኅበረሰቡ ጓሳውን የሚያስተዳድርበት ባህላዊ ደንብ) ጓሳውን ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋ ነበር፤ ሣሩ የተረፈው በዚያ ነው። መስመር ከማስመር በፊት እረኞቹን በየወሩ የት እንደሚያሰማሩ መጠየቅ ይቀድማል።

ሁሉንም ብሔራዊ ፓርክ ማለት። ይህ ስም እርሻና ሰፈራን አይፈቅድም። ሕዝቡ ራሱ የሚጠብቀው ሣርና ውኃ ካለ፣ በአቡነ ዮሴፍ እንደሆነው የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ይሻላል።

በባፈር ዞኑ (በፓርኩ ዙሪያ ባለው መከለያ ቀጠና) ውስጥ ውሻን መርሳት። የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የሚባለው የውሻ ቫይረስ በሽታ ወደ ቀበሮው የሚሻገሩት ከቤት ውሻ ነው። እብድ ውሻን ለመግታት ከአካባቢው ውሾች 70 በመቶው በየጊዜው መከተብ አለባቸው። ክትባቱ በዕቅዱ በጀት ውስጥ ይግባ።

ካሳን በመጨረሻ ማሰብ። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት መሬቱን በዘላቂነት የሚለቅ፣ ምትክ መሬት ያላገኘ አርሶ አደር፣ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢው በ15 ተባዝቶ ይከፈለዋል። የወል ግጦሽም ካሳ አለው። ይህ ተሰልቶ በጀቱ የታሰበውን ወሰን ካሳ ካልቻለ፣ ገንዘቡ ሳይገኝ ችካል ከመትከል ወሰኑን ወደ ላይ መሰብሰብ ይሻላል።